አምስት ጋሻ በጎር ክሪክ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የአንድ ሸለቆ ነገር ነው። በግ ይሰማራበት የነበረ መሬት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የዓለም ባለጸጋ ቤት ልግዛበት እያለ የሚሻማበት ከተማ ሆነ። ሆነና ደግሞ ከተማውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ሰው፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ በረዶ ጠራጊው፣ ማደሪያ አጣበት። ይህ እንዴት እንደ መጣ፣ ከተማውስ ምን ዘዴ እንደ ዘየደ እነግራችኋለሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ግዛቱ ኮሎራዶ፤ የከተማው ስም ቬይል። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቬይል ከዴንቨር በስተምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖረው ወገናችን ኢንተርስቴት 70ን ይዞ ወደ ተራራው ከወጣ በከተማው መሐል ለመሐል ያልፋል። የተቀመጠበት ከፍታ 2,480 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም። ሰማዩ ግን ሌላ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ስለቀረብን በዚያ ከፍታ ባሕር ዛፍ እናበቅላለን፤ እዚያ ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በረዶ ይቆለላል። የተራራው ራስ ደግሞ ከ3,500 ሜትር ያልፋል፤ ከእንጦጦም በላይ ነው። በሸለቆው ወለል ላይ ጎር ክሪክ የሚባል ወንዝ ይወርዳል።

የመሬቱ የመጀመሪያ ሰዎች ዩት የሚባሉት ሕዝቦች ነበሩ። የብር ማዕድን ፈላጊው በኮሎራዶ ተራሮች ሲበዛ፣ መንግሥት የሰሜን ዩቶችን በ1881 ነቅሎ ወደ ዩታ አሻገራቸው። ከዚህ በኋላ ስለ ካርታና ስለ ስመ ንብረት ብዙ እናወራለን፤ ከወረቀቱ ሁሉ ሥር ይህ መነቀል እንዳለ ግን ልባችሁ ውስጥ አኑሩት።

ከእነሱ በኋላ ገበሬ ገባ። ሰላጣ አመረተ፣ ከብትና በግ አረባ። በ1940 የመኪና መንገድ ተራራውን አቋርጦ ተሠራና የተራራው መሻገሪያ በር ለመንገዶች ዋና መሐንዲሱ ለቻርልስ ቬይል መታሰቢያ ተሰየመ። ከተማው ገና አልተወለደም፤ ስሙ ግን ቀድሞት መጣ።

አሁን ሁለት ሰዎች ይገባሉ።

አንደኛው ኧርል ኢተን ነው፤ የዚያው አውራጃ ተወላጅ፣ የተራራ ሰው። ዩራኒየም ፍለጋ አቀበት ቁልቁለቱን ሲዞር የማያውቀው ገመገም አልነበረም። ሁለተኛው ፒት ሳይበርት ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በበረዶ ላይ በስኪ እየተንሸራተተ የሚዋጋ አሥረኛውን የተራራ ክፍለ ጦር ሲያቋቁም፣ ወታደሮቹን ያሠለጠነው ካምፕ ሄል ላይ ነበር፤ ከጎር ክሪክ ብዙ አይርቅም። ሳይበርት እዚያ ሠለጠነ፣ ወደ ጣሊያን ዘመተ፣ በ1945 ክፉኛ ቆሰለ። የጉልበቱ ሎሚ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ስኪ የሚባል ነገር እርሳ አሉት። አልረሳም። በ1950 የአሜሪካ ብሔራዊ የስኪ ቡድን አባል ነበር። በዚያ ላይ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ የሆቴል ሙያ ተማረ። እንግዲህ ይህ ሰው የሚፈልገው አንድ ተራራ ነበር።

በመጋቢት 1957 ኢተን ይዞት ወጣ። ተራራው ከመንገድ ሲታይ ደን የለበሰ ተራ ጋራ ነው፤ ማንም ሁለተኛ አያየውም። ሁለቱ ሰዎች ያንን ጥልቅ በረዶ ሰባት ሰዓት ያህል እየጣሱ ወጡ። ከላይ ሲደርሱ ማዶው ተገለጠ፤ ዛፍ ያልነካቸው፣ ሰፊ፣ ጎድጓዳ ተዳፋቶች፣ አንዱ ከአንዱ እየተያያዙ እስከ አድማስ። ከመንገዱ ተሰውረው የኖሩት እነዚህ ናቸው። ሳይበርት የዓለምን የስኪ ቦታዎች ያየ ሰው ነበርና ምን እንዳገኘ ወዲያው ገባው።

ያገኘውን ለማንም አላወራም። የስኪ ከተማ ሊሠራ ነው ተብሎ ቢሰማ ሸለቆው ውስጥ ያለው መሬት ዋጋው በአንድ ጀምበር ይሰቀላል። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር አንድ የዓሣ አጥማጆችና የአዳኞች ክበብ አቋቋመ፤ ለስሙ ትራንስሞንታን የሚል ማዕረግ ያለው መጠሪያ ሰጡት። ክበቡም ሸለቆው ውስጥ ሀንሰን ከሚባል ገበሬ እርሻውን ገዛ። ስፋቱ 500 ኤከር ያህል፣ በእኛ ልኬት አምስት ጋሻ ግድም ነው። ዋጋው ለኤከር 110 ዶላር፣ በድምሩ 55,000 ዶላር። አንዱ ጋሻ 11,000 ዶላር ወጣበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትረካውን ላቁምና አንድ ነገር ልበል። ግዢው ሕጋዊ ነው። ሻጩ የጠየቀውን ተቀብሏል፤ ለበግ ግጦሽ የሚገባውን ዋጋ አግኝቷል። ነገር ግን ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ አላወቀም፤ ተራራው ጀርባ ምን እንዳለ የነገረው የለም። የዚህ ከተማ የመጀመሪያው ትልቅ ትርፍ የተገኘው ከዚህ ካለማወቅ ነው። እኔ ይህንን ንግድ እንደ ጀግንነት አልተርከውም።

ታዲያ የተገዛው የሸለቆው ወለል ብቻ ነው። ተራራው የማንም የግል ንብረት አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። የሕዝብ ነው፤ የፌደራል መንግሥቱ የደን አገልግሎት የሚያስተዳድረው የኋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን አካል ነው። የስኪ ኩባንያው የሚሠራበት በፈቃድ ነው። በስተሰሜን በኩል ደግሞ ከ1976 ጀምሮ ምንም የማይሠራበት የተከለለ ዱር አለ። በሁለቱ መሐል ወንዝና አውራ ጎዳና ያለበት ጠባብ ሰርጥ ቀረ። የቬይል ቤት ዋጋ ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ከተማ ሲጠብበው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቬይል ወደ ጎን የሚሰፋበት መሬት የለውም።

ገንዘብ ማሰባሰቡ ቀላል አልሆነም። ባንክ አላመነም። ሳይበርት በየከተማው እየዞረ ተራራውን በፊልም አሳየ፣ ለመነ። በመጨረሻ 100 ሽርካዎች ተገኙ፤ እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር አወጡ። ገንዘቡ ትንሽ አይደለም፤ በ1960 አንድ መካከለኛ የአሜሪካ ቤት የሚያወጣው 12,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ላወጡት ገንዘብ ድርሻ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የስኪ ማለፊያና በጥቂት መቶ ዶላር የቤት መሥሪያ ቦታ የመግዛት ዕድል አገኙ። ልብ በሉ፤ መሬቱ የተሰጠው እንደ ማባበያ ነው። ባዶ ሸለቆ ውስጥ የመጀመሪያውን ቤት የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ጎረቤት ከሌለ ማንም አይገባም።

ከተማው ከሞላ ጎደል በአንድ በጋ ተሠራ። በ15 ዲሴምበር 1962 አንድ ጎንዶላና ሁለት የወንበር ሊፍቶች ሥራ ጀመሩ፤ የቀን ትኬቱ 5 ዶላር ነበር። ዛሬ ገበያው በሚደራበት ሰሞን እዚያው መስኮት ላይ የሚከፈለው ከ300 ዶላር ያልፋል። ሰዎቹ የስዊሱን የዘርማትን መንደር በዓይነ ሕሊናቸው አስቀምጠው ስለነበር መሐል መንደሩን መኪና የማይገባበት አደረጉት። በ1966 ቬይል ሕጋዊ ከተማ ሆነ። ጄራልድ ፎርድ ገና የምክር ቤት አባል ሳሉ ከነቤተሰባቸው የሚመጡበት ቦታ ነበርና፣ በ1974 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የዓለም ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ ተከተላቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1973 የአይዘንሃወር ዋሻ ተከፍቶ ከዴንቨር የሚመጣው ሰው የሎቭላንድን በር በዚያ በረዶ መውጣት ቀረለት። መንገድና ዝና አንድ ላይ መጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዋጋ መናገር አያስፈልግም፤ ያ የጥቂት መቶ ዶላር ቦታ ሚሊዮኖችን መጥራት ጀመረ።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው ቬይል ላይ ቤት ልግዛ ብሎ መጣ እንበል። የዳላሱ ሐኪም፣ የሜክሲኮ ከተማው ነጋዴ፣ ወይም ከእኛው ሰው አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመ። አሻሻጩ ተራራ የሚያሳይ መስኮት ያሳየዋል። መስኮቱ ውብ ነው። የሚገዛው ግን ከመስኮቱ ሌላ ብዙ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ውበቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ወረቀቱን ሳያይ ስለሚቀር ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከቤቱ ጋር ማኅበር ይገዛል። ማኅበሩ ጣሪያውን፣ አሳንሰሩን፣ ማሞቂያውን፣ የበረዶ ጠረጋውን ይይዛል፤ ለዚህም በየወሩ ያስከፍላል። ተራራ ላይ ጣሪያ የሚሸከመው የበረዶ ክብደት ቀላል አይደለም፤ ቧንቧ ይፈነዳል፣ በረንዳ ይበሰብሳል። የመጠባበቂያ ገንዘቡ የሳሳ ማኅበር አንድ ቀን ተሰብስቦ እያንዳንዱ ባለቤት ይህን ያህል አሥር ሺህ ዶላር ያዋጣ ብሎ ይወስናል። ትናንት የገባውም እኩል ይከፍላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከመፈረሙ በፊት የማኅበሩን የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የመጠባበቂያ ሒሳብ ይጠይቃል። እኔን ብትጠይቁኝ ከመስኮቱ በፊት የሚታየው ይኸ ወረቀት ነው።

ሕንጻው እንደ ሆቴል የሚሠራ ከሆነ፣ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ያለው፣ ክፍሎቹ በቀን የሚከራዩ፣ ብዙ ባንኮች እንደ ተራ መኖሪያ ቆጥረው አያበድሩበትም። ቅድመ ክፍያው ይከብዳል፣ ወለዱ ይወጣል። ቤቱ በኪራይ ራሱን ይከፍላል የሚለው ተስፋም ተመርምሮ ነው መታመን ያለበት፤ አከራዩ ድርጅት ከገቢው ደህና ድርሻ ያነሳል፣ ከተማው ለአጭር ጊዜ ኪራይ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በጸደይ ጭቃው ወራት ደግሞ ክፍሉ ባዶውን ይውላል።

ወደ ምሥራቅ ቬይል ከሄደ ሌላ ካርታ ማየት አለበት። ተራራው ገደል ስለሆነ ከተማው የበረዶ ናዳ፣ የቋጥኝ ናዳና የጎርፍ ጭቃ የሚወርድባቸውን ቦታዎች በካርታ ለይቶ አስቀምጧል። ቤቱ በዚያ ክልል ውስጥ ካረፈ ማስፋፋቱም መድን መግባቱም ይከብዳል። ግዢው ሲፈጸም ደግሞ ከዋጋው ላይ 1 በመቶ የንብረት ዝውውር ታክስ ለከተማው ይከፈላል። ቬይል ይህን ታክስ የደነገገው በ1980 ግድም ነው፤ ለመናፈሻና ለክፍት መሬት መጠበቂያ ይውላል። ቀድመው ያልደነገጉት የኮሎራዶ ከተሞች ቢመኙትም አያገኙትም፤ በ1992 ሕዝቡ ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲህ ዓይነት አዲስ ታክስ ከልክሏል። ቀድሞ የነቃ ከተማ ተጠቀመ።

የዳላሱ ሐኪም ይህን ሁሉ አይቶ ገዛ እንበል። መልካም። በዓመት ጥቂት ሳምንት ይመጣል፤ የቀረውን ጊዜ ቤቱ ተዘግቶ ይቆያል። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው። ከቬይል ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባቸው የላቸውም። በ2020 ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 4,800 ያህል ብቻ ነበር፤ በሰሞነ በረዶ ግን ከተማው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሰው ያስተናግዳል። ያንን ሁሉ እንግዳ የሚያበላው፣ አልጋውን የሚያነጥፈው፣ የተሰበረ እግሩን የሚያስረው የት ያድራል?

ከፊሉ በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ወርዶ ጂፕሰም ያድራል። ከፊሉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከተቀመጠችው ከሌድቪል ይመጣል፤ የቴነሲን በር ተሻግሮ፣ ጨለማና ግግር በረዶ ላይ እየነዳ፣ ደርሶ መልስ በየቀኑ። መንገዱ የተዘጋ ቀን ምግብ ቤቱ አብሳይ ያጣል፣ ክፍሉ አስተማሪ ያጣል። ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። ያ ቤት ሚሊዮን ያወጣው ሊፍቱ ስለሚዞር፣ መንገዱ ስለሚጠረግ፣ ሐኪም ቤቱ ሌሊት ክፍት ስለሆነ ነው። ዋጋውን የሠሩት ሰዎች በዋጋው ምክንያት ተባረሩ። የዚህ ትረካ እምብርቱ ይህ ነው፤ እኔ ሳስበው አያስችለኝም።

ታዲያ ለምን ቤት አይሠራላቸውም ትሉ ይሆናል። ሞክረዋል። በ2017 ቬይል ሪዞርትስ የተባለው የስኪ ኩባንያ በምሥራቅ ቬይል፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ አንድ ባዶ መሬት የራሱ መሆኑን አስታወቀ። ለሠራተኞች መኖሪያ ሊሠራበት አቀደ፤ 165 አልጋ ያህል። የከተማው ምክር ቤትም በ2019 ፈቀደ። ነገር ግን ያ ተዳፋት ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች በክረምት የሚግጡበት ነው። በረዶው ሌላውን ሁሉ ሲሸፍን ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ብቻ ነውና እዚያ ይወርዳሉ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ለሰው ማደሪያ አለ፤ ሌላው እነዚህ በጎች የሚሄዱበት የላቸውም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2022 አዲሱ ምክር ቤት በጠባብ ድምፅ ልዩነት፣ ካሳ ከፍሎ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ለመውሰድ ወሰነ፤ ወሰደውም። ቤቱ ሳይሠራ ቀረ።

ስለ በጎቹ የተከራከረውን አልወቅስም። ሥነ ሕይወት አዋቂዎቹ ያስጠነቀቁት በእውነት ነው፤ መንጋው ትንሽ ነው። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው። የመንጋውን ግጦሽ አስቀድሞ ያጠበበው አውራ ጎዳናውና የምሥራቅ ቬይል ቤቶች ናቸው፤ ከተቃዋሚዎቹም መካከል የዚያው ሰፈር ባለቤቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ቤት ሲሠራ ስለ በጎቹ የጠየቀ የለም፤ ጥያቄው የተነሣው የሠራተኛው ተራ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ መሬት ከሌለ ያለው ቤት ነው የሚቀረው። ከተማው ይህን ከበጎቹ ጠብ በፊት ተረድቶ ነበር። በ2017 አንድ ዘዴ ጀመረ፤ ኢንዲድ ይሉታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለ ቤት ወደ ከተማው ቤቶች ክፍል ይሄዳል። ከተማው ቤቱን አይገዛውም። በምትኩ በርከት ያለ ገንዘብ ይሰጠውና በስመ ንብረቱ ላይ አንድ ግዴታ ያስመዘግባል፤ እዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ቬይል በሚገኝበት በኢግል አውራጃ ውስጥ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት የሚሠራ መሆን አለበት። በቃ። ባለቤቱ ራሱ ቢኖርበት ይችላል፣ ለሠራተኛ ቢያከራየው ይችላል፣ ቢሸጠውም ይችላል። ግዴታው ግን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፤ ልጁም ይወርሰዋል፣ ገዢውም ይረከበዋል፣ የልጅ ልጁም አይሽረውም።

ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም። በአያቶቻችን ዘመን በአንድ መሬት ላይ ርስተኛው ያርስ ነበር፣ ባለ ጉልቱም ግብሩን ይበላ ነበር፤ አንዱ መሬት ሁለት መብት ተሸክሞ ይኖር ነበር። ቬይልም አንዱን ቤት ለሁለት ከፈለው፤ ሀብቱ የባለቤቱ፣ መኖሪያነቱ የከተማው። ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት የተወረሰበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ይህቺን በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኳት። ያኔ አዋጁ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወሰደ። እዚህ ግን የፈለገ ብቻ ይመጣል፣ ዋጋው ይከፈለዋል፣ ይፈርማል። ሠራተኛውም ቤት ሲገዛ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከተማው ለግዴታው የሚከፍለው ገንዘብ የቅድመ ክፍያውን ጉድለት ይሞላለታል። የአስተማሪ ደመወዝ ይዞ ከዳላሱ ሐኪም ጋር ለመፎካከር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ጉድለት የለውም አልልም። ኢንዲድ በዋጋው ላይ ጣሪያ አያስቀምጥም። ሀብታም ባለንብረት ገዝቶ ለሠራተኛ በውድ ሊያከራይ ይችላል። ዋጋው የሚገታው ተከራዩም ሆነ ነዋሪው የአውራጃው ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ደመወዙ የማይችለውን ስለማይከፍል ነው። ከተማው ከዚህ ጎን ለጎን ዋጋቸው የተገታ ቤቶችን ራሱ እያሠራ በዕጣ ይሸጣል፤ ቻሞኒ በሚባለው ሰፈር ውስጥ 32ቱ እንዲህ ነው የተሸጡት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ፤ የዋጋ ጣሪያ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ኢንዲድ ደግሞ ፈጣን ነው።

ከተማው በ2027 እንዲህ ዓይነት ግዴታ ያለባቸው 1,000 ተጨማሪ ቤቶች እንዲኖሩት አቀደ። በ2021 መራጩ ሕዝብ በሽያጭ ታክስ ላይ ግማሽ በመቶ ለቤቶች እንዲጨመር ድምፅ ሰጠ፤ ይህን ታክስ አብዛኛውን የሚከፍለው ራቱን በልቶ፣ ጓንቱን ገዝቶ የሚሄደው እንግዳ ነው። ጎረቤት ከተማ ብሬከንሪጅም ይህንኑ አሠራር ወስዳ ለራሷ አበጀችው። እናም ከእናንተ መካከል ወደዚያ ሸለቆ ቤት ሊገዛ የሚሄድ ቢኖር፣ አሻሻጩን ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይጠይቀው፤ በዚህ ቤት ላይ የነዋሪነት ግዴታ ተመዝግቧል ወይ? አልተመዘገበም ካለ ደግሞ የከተማው ቤቶች ክፍል ቢሮ የት እንደሆነ ይጠይቅና፣ ግዴታውን አስመዝግቦ ቢገዛው እኔ በበኩሌ አመሰግነዋለሁ።